ደብረ ብርሃን ላይ የያዘ ፍሪሲዮን ሸዋ ሮቢት ላይ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? ባለ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን ቀይሬ ወደ 250 አሳድጌዋለሁ። ካርቡሬተሩም ትልቅ ነው። ፍሪሲዮኑ ግን የድሮው ነው። እዚህ ምንም አይለውም። ሸዋ ሮቢት ወርጄ በአምስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጠው ግን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። አንድ መካኒክ የውድድር ፍሪሲዮን ግዛ አለኝ። ዘይት ሻጩ ደግሞ ውዱን የመኪና ሲንቴቲክ አድርግበት አለኝ። የቱን ልስማ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። የመልሱን ግማሽ አንተው ነግረኸኛል። ላይ ይይዛል፣ ታች ይለቃል ብለሃል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በሚስበው አየር ልክ ነው። ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። የቆላው ሙቀት ከዚህ ጥቅም ጥቂቱን ቢወስድበትም ያው ሞተር ከ10 በመቶ በላይ ይበረታል። ልጆቹ «ጣርማ በርን ስወርድ ሞተሬ ነፍስ ይዘራል» የሚሉት እውነታቸውን ነው። ያንተ ፍሪሲዮን 250ውን ደጋ ላይ በጭንቅ ችሎት ነበር። ቆላ ላይ ጉልበቱ ሲጨመርበት፣ ዘይቱም ሲግል፣ አቃተው።

አሁን ወደ ዘይቱ ልምጣ። ይሄ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ «ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው» ብሎ ቀጭን የመኪና ዘይት ሸጠልኝ። በማግስቱ እህቴን ከኋላ ጭኜ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ፣ ዋሻው ጋ ለመድረስ ጥቂት ኩርባ ሲቀረኝ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማው ግን አልገፋም። ጉምና ካፊያ ነበር። የተቃጠለ ሸራ (የፍሪሲዮኑ መያዣ ንጣፍ) ሽታ አፈነን። እህቴ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ከኋላችን የጭነት መኪና ይመጣ ነበር። ያን ቀን የደነገጥኩትን እስከ ዛሬ አልረሳም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ከሞተር ዘይት ጋር አይገናኝም። ያንተ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ሞተሩና ካምቢዮው በሚጠቀሙበት በዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚኖረው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማለስለሻ ኬሚካል የበዛበት የመኪና ዘይት ሸራውንም ያለሰልሰዋል። ሸራ ከለሰለሰ አይይዝም። ሲንቴቲክ መሆኑ በራሱ ጥፋት የለውም፤ ለሞተር ሳይክል የተሰራ ሲንቴቲክ አለ፣ ጥሩም ነው። ጥፋቱ ማለስለሻው ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። «ጃሶ ኤምኤ2» (JASO MA2) የሚለውን ፈልግ። ጃሶ የጃፓኖች መለኪያ ነው። ኤምኤ ማለት በዘይት ውስጥ ላለ ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው፤ ኤምኤ2 ደግሞ ከዚያ ውስጥ ይበልጥ የሚያስይዘው። «ጃሶ ኤምቢ» ካለ አትንካው፤ እሱ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው። ጠርሙሱ ላይ ባለው የኤፒአይ (API) ክብ ምልክት ታችኛ ግማሽ ላይ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» (Resource Conserving) የሚል ካየህም መልስለት። ውፍረቱን 10ደብሊው-40 አድርገው። ኑሮህ ሙሉ በሙሉ ቆላ ቢሆን 20ደብሊው-50 እልህ ነበር።

ከዘይቱ በፊት ግን የፍሪሲዮኑን ሽቦ እይ። ምንም ወጪ የለውም። እጀታው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ሽቦው ከተወጠረ ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ በትንሹ ረግጠህ እንደመንዳት ነው።

እነዚህን አስተካክለህም ከለቀቀ ክፈተው። ሸራዎቹን በካሊፐር ለካና ማንዋሉ ከሚለው ጋር አስተያይ። የብረት ዲስኮቹን መስታወት ላይ አስተኛቸው። ከተወላገዱ ወይም ሰማያዊ ከመሰሉ ሙቀት በልቷቸዋል፤ ቀይር። ዲስኮቹ የሚቀመጡበት ቅርጫት ጣቶቹ ላይ ቦርቦር ካለ አዲስ ሸራ ብታስገባም በደንብ አይሰራልህም።

የፍሪሲዮን የመያዝ አቅም ሒሳቡ ቀላል ነው። ሸራዎቹንና ዲስኮቹን አጣብቆ የሚይዘው ሞላ በ15 በመቶ ቢጠነክር አቅሙ በ15 በመቶ ያድጋል። ሸራው ከ5 ወደ 6 ቢበዛ በ20 በመቶ ያድጋል። ለዚህ ነው የኔ ምርጫ አዲስ የፋብሪካ ዓይነት ሸራና ጠንከር ያለ ሞላ የሆነው። ሞላዎቹን ሁሉንም አንድ ላይ ቀይር። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። ከመጠን ያለፈ ሞላ ግን እጅህን ያደክማል፣ ሽቦውንም ይበጥሳል። አንተ የምትነዳው መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ትጭናለህ፣ ገበያ መሃል ትገባለህ። የውድድሩ ኬቭላር (ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሸራ) ሙቀት ቢችልም ለዚህ ያን ሁሉ ብር የሚያስወጣ አይደለም። አዲሱን ሸራ ከመግጠምህ በፊት ሌሊቱን ዘይት ውስጥ አሳድረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርቡሬተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ከተስተካከለ ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል። ካንዴላውን ሸዋ ሮቢት ላይ ፈትተህ እየው። ነጭ ከሆነ ፒስቶንህ እየጋለ ነውና ቤንዚኑን ሳታስጨምር አታሩጠው።

ጥያቄ፦ በኅዳር ውርጭ ጠዋት አስነስቼ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ፣ ፍሪሲዮን ይዤም ቢሆን ሞተሩ ወደ ፊት ይዘላል። ዘይቴ 20ደብሊው-50 ነው። ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ይሆን?
ከጫጫ

መልስ፦ እንዲህ የሚያደርገው ጠዋት ብቻ ከሆነ አልተበላሸም። ወፍራሙ ዘይት በብርድ ረግቶ ዲስኮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። 10ደብሊው-40 ኤምኤ2 አድርግበት። እስከዚያው ሳታስነሳው ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዘው። ዲስኮቹ ሲላቀቁ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ከዚያ ዜሮ አድርገህ አስነሳና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። ፊት ለፊትህ ሰው ወይም ከብት ካለ ማርሹን አታስገባ።