ጎርፉ ሸሽቷል፤ በቆሎውን ልገልብጠው ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ «ወንዙ ሞልቶ ማሳዬ ውስጥ ገባና ሁለት ቀን ተኩል ተኛበት። በቆሎዬ ጉልበቴ ድረስ ደርሶልኝ ነበር፤ አሁን ውሃው ቢሸሽም ቅጠሉ ጭቃ ለብሶ ተጋድሟል። ጎረቤቶቼ ‹ምን ትጠብቃለህ፣ ገልብጠህ ሌላ ዝራ› ይሉኛል። ጎተራዬም ከታች እስከ ሁለት ክንድ ርሷል፤ የከርሞ ዘሬም እዚያው ነው ያለው። ትናንት ደግሞ ደህና ስትግጥ የዋለች በግ ሌሊቱን ሞታ አደረች። ቆዳዋን እንኳ ልጠቀምበት ብዬ ልገፍፋት ስል ባለቤቴ ቆይ ብላ ከለከለችኝ። መንደራችን በጎርፍ ሲመታ በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ነው። ምኑን ላስቀድም? ለሚቀጥለውስ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ባለቤትዎን ያመስግኑልኝ። እርስዎ በቆሎውን አስቀድመው ጠይቀዋል፤ እኔ ግን ከበጓ እጀምራለሁ። በቆሎው ጥቂት ቀን ቢቆይ ምንም አይልም፣ የበጓ ነገር ግን ለነገ አይባልም።

ደህና የዋለ እንስሳ በድንገት ሲሞት፣ ያውም ከጎርፍ በኋላ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አባ ሰንጋ ነው። የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ጎርፍ መሬቱን ሲቦረቡረው ተቀብሮ የነበረው ወጥቶ ሣር ላይ ያርፋል። ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ ሬሳዋም ቶሎ ከተነፋ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ምልክቱ አልታየም ብለው ግን አይዘናጉ። አይግፈፏት፣ ሆዷን አይክፈቱ፣ ሥጋዋንም ለውሻ አይስጡ። ተህዋሲው ያንን የማይበገር ዘር የሚሠራው ደሙ አየር ሲያገኝ ነውና፣ በቢላዋ የከፈቷት ቦታ ለዓመታት የተበከለ ሆኖ ይቀራል። ሬሳዋን በሸራ ሸፍነው ዙሪያዋን በእሾህ ይጠሩና ዛሬውኑ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስጠሩ። እሱ አይቶ ወይ ትቃጠላለች፣ ወይ ከውሃ ርቆ በተቆፈረ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ትቀበራለች። የነካት ሰው እጁ ላይ መሃሉ የጠቆረ፣ የማያም ቁስል ካወጣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የቀሩት በጎችና ከብቶች ይከተባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፦ ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ተህዋሲ ስለሆነ፣ በዚያው ሰሞን ፔኒሲሊን የተወጋ እንስሳ ክትባቱ ሳይሠራለት ሊቀር ይችላል። መርፌ የተወጋ ካለዎት ለከታቢው አይደብቁት።

ከብቶቹን ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች ዳር አያሰማሩ። እዚያ የሚበዙት ቀንድ አውጣዎች የጉበት ትል ያመጣሉ። በሽታው በጎች ላይ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በዚህ ሳምንት ተሯሩጠው አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ቢያጠጡ ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት፣ እሱ የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነውና። መቼና በምን እንደሚጠጡ ያው ለክትባት የመጣው ባለሙያ ይንገርዎት።

አሁን ወደ ጎተራው። የጎርፍ ውሃ የነካው እህል ጎርፉ ያገኘውን ሁሉ፣ ከመጸዳጃ ቤት የወጣውንም ሆነ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪቱን፣ ጠጥቷል። ታጥቦ አይድንም። የሻገተውን ለላም ልስጠው እንዳይሉ፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ያማል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቅበሩት። ውሃው ያልደረሰበትን የላይኛውን ክፍል ዛሬውኑ ያውጡት፣ እርጥበቱ ከሥር ወደ ላይ እየሳበ ነውና። በሸራ ላይ አሳስተው ያስጡት፣ ቶሎ ቶሎም ያገላብጡት።

መድረቁን በጥርስ ሰብሮ መገመት የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ያታልላል። ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ሲሶውን በእህሉ ይሙሉና ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ይነቅንቁት። ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ስጡ ይመልሱት። ግድግዳው ንጹሕ ከሆነ እርጥበቱ ከዚያ በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ እህል ግን 13 በመቶ ይፈለጋልና አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨምሩለት። ለዘር የሚሆነውን ደግሞ 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በሳምንቱ ይፍቱት። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘር አለዎት። 60 እና 70 ከሆነ አብዝተው ይዘራሉ። ግማሹ እንኳ ካልበቀለ ሌላ ይፈልጉ።

የበቆሎውን መልስ ከመስጠቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ እንደ እርስዎ ያለ ማሳ ውሃው በሸሸ በማግስቱ አይቼ «ይህ አልቋል፣ ይገልበጥ» አልኩ። ገበሬው አመነኝና አረሰው። ድንበርተኛው ስንፍና ይዞት ይሁን ብልሃት፣ ምንም ሳያደርግ ተቀመጠ። በሳምንቱ የድንበርተኛው በቆሎ ለምልሞ ቆመ፤ የእኔው ሰው መሬት ደግሞ እርጥብ ሆኖ ስለታረሰ እንደ ጡብ ጠጥሮ ዘር እንኳ አልቀበል አለ። ሰውየው ባገኘኝ ቁጥር እየሳቀ ያነሳብኛል። እኔ ግን አያስቀኝም።

ስለዚህ ውሃው ከሸሸበት ቀን ጀምሮ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይጠብቁ። አፈሩን ጨብጠው ሲለቁት እንደ ሊጥ ከተያያዘ ማሳው ውስጥ ሰውም በሬም አይግባ። ሲጠነፍፍ ከአምስት ቦታ ሃያ ሃያ እግር በቆሎ ይቁጠሩ፤ ከየቦታው ሁለት ሦስቱን ነቅለው አገዳውን ከሥሩ ወደ ላይ ለሁለት ይሰንጥቁት። ልቡ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት የመሃሉ ጫፍ፣ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማ ሆኖ ከላላ ሞቷል። የመሃሉን ጥቅል ቅጠል ሳብ ያድርጉት፤ በቀላሉ ተነቅሎ ከወጣና ከሸተተ ጭቃው ውስጡ ገብቶ አበስብሶታል። አዲስ ቅጠል ብቅ ያለበትን በሕይወት ካሉት ይቁጠሩት። የእርስዎ በቆሎ ጉልበት መድረሱ ጥሩም መጥፎም ነው፦ በዚህ ዕድሜ ልቡ ከመሬት በላይ ወጥቷል፣ ስለዚህ ወሳኙ ውሃው ከልቡ በላይ ምን ያህል ቆሟል የሚለው ነው። ቀኑ ሞቃት ከነበረ ሁለት ቀን ተኩል ብዙ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ ከነበረ ተስፋ አለ።

ከመቶው 60 እና 70 ያህሉ ከተረፈ እኔ ብሆን አልገለብጠውም። ቢጫ ቢሆን አይደንግጡ፣ ናይትሮጅኑን ውሃው ወስዶበታል። አዲስ ነጭ ሥር ማውጣቱን አይተው ዩሪያ ይጨምሩለት፤ ከዚያ በፊት ቢጨምሩ የሚመገበው ሥር የለም። ከግማሽ በላይ ከሞተ ደግሞ የቀረው ዝናብ ይቆጠርና ቶሎ የሚደርስ ሰብል፣ ቦሎቄ ወይም በቀረው እርጥበት የሚያፈራ ሽምብራ፣ ይዘራል።

ዘር ቢጎድልዎት፣ እርዳታ ከመጠበቅዎ በፊት ጎርፍ ያልነካቸውን ዘመዶችና የቅርብ ገበያውን ይጠይቁ። ከአደጋ በኋላ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ዘር መሬቱን የማያውቅ ሲሆን አይቻለሁ። ዋናው ግን ከእንግዲህ ዘርዎን ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር አያኑሩ። በሶርያ፣ አሌፖ ከተማ አጠገብ ትልቅ የዘር ባንክ ነበር፤ ጦርነቱ ሥራውን ሲያስተጓጉልበት ቅጂውን በኖርዌይ ስቫልባርድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የበረዶ ምድር ማከማቻ አስቀምጦ ስለነበር በ2015 እ.ኤ.አ. አውጥቶ እንደገና ማብዛት ጀመረ። ያንኑ ብልሃት በሁለት ጆንያ መሥራት ይቻላል፦ አንዱን ከፍታ ላይ የሚኖር ዘመድ ቤት ያኑሩ፣ የእሱንም እርስዎ ያስቀምጡለት።

የመንደሩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ባንግላዴሽን ላንሳ። በ1970 እ.ኤ.አ. በደረሰው ማዕበል ከ300 ሺህ ያላነሰ ሰው አለቀ። ሰው ማስጠንቀቂያ ሰምቶ እንኳ ከብቱን ትቶ መሸሽ እንቢ እንደሚል ስለታወቀ፣ ከዚያ ወዲህ ከመጠለያዎቹ ሌላ ለከብት የሚሆን ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተሠራ፣ መልእክት ቤት ለቤት የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞችም ተደራጁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የመጣው ብርቱ ማዕበል የገደለው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ያህል ሰው ነው። ይህም ቢሆን ከባድ ሐዘን ነው፣ ግን ልዩነቱን ይመልከቱት።

እናንተም ጉብታውን በጋ ላይ በደቦ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከላይኛው ተፋሰስ መንደር አንድ ሰው ስልክ ይያዝ፤ ወንዙ እዚያ ሲሞላ ይደውልላችሁ። ከብቱን ማን ይነዳል? መራመድ የማይችሉትን አዛውንት ማን ይሸከማል? ይህ ሁሉ በስም ተጽፎ ይቀመጥ። «ሲመጣ እናያለን» ከተባለ በጨለማ፣ በዝናብ ነው የሚታየው። ወንዙ ዳር ምሰሶ ተክላችሁ ቀይ ቀለም ቀቡት፤ ውሃው ቀዩን ሲነካ ማንንም ሳትጠይቁ ከብቱ ይነሳ።

ይህን ሁሉ የሚለካላችሁ ደግሞ አሁን ግድግዳዎ ላይ አለ፦ ጎርፉ የተወው የጭቃ መስመር። ቀጣዩ ዝናብ ሳያጥበው ዛሬ ማታ ሚስማር ይምቱበት፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበትን የሚያስታውስ ሰው ካለም ከጎኑ ሌላ ምልክት ያስቀምጡ። የአዲሱ ጎተራ ወለል ከሁለቱ ከፍተኛው ምልክት ቢያንስ አንድ ክንድ በላይ ይሁን። የበቆሎውን ቆጠራ በስድስተኛው ቀን ይላኩልኝ፣ ከመቶ ስንቱ እንደቆመ።