ብቻዬን ፎልክ ሙዚቃ እሰራለሁ፣ ግጥሞቼ ግን የታሪክ ትምህርት ይመስላሉ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያለ ሌብል፣ ማለትም ያለ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት፣ ብቻዬን እሰራለሁ፣ ግጥሞቼ ሁሉ ከአፈ ታሪክና ከጥንት የተፈጥሮ አምልኮ ነው፣ ሰው ግን ክላስ የገባ ነው ሚመስለው ምን ላድርግ፣ ደግሞስ ፔጋን (የጥንቶቹን አማልክት አምላኪ) ነኝ ብዬ ልናገር ወይስ ልተወው ነው ያልሽው አይደል? ይሄንኑ ስሰራ ስምንት አመቴ ነውና የገጠመኝን ልንገርሽ።

እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ስለ ኦዲን፣ ስለ ጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ዋና አምላክ፣ አንድ ዘፈን ሰራሁ፣ ሩኖቹን፣ ምስጢራዊዎቹን የጥንት ፊደሎች፣ ለማግኘት ዘጠኝ ሌሊት ዛፍ ላይ ተሰቀለ የሚለውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩት፣ መንገዴ ላይ ያገኘሁትን አምላክ ሁሉ ስሙን እየጠራሁ፣ ስድስት ደቂቃ ከምናምን። ጭብጨባ ነበር፣ ከመድረክ ስወርድ ግን አንዷ መጥታ ደስ ይላል ግን ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ታሪኩን የማያውቀው በስም ብዛት ይጠፋል፣ የሚያውቀው ደግሞ ምንም አዲስ ነገር አያገኝም።

በኋላ ነው መተረኩን ትቼ የታሪኩን ቅርጽ ወደ ሙዚቃው ማስገባት የጀመርኩት። የጥንቶቹን ሱመሮች እንስት አምላክ ኢናናን ታውቂያታለሽ፣ ወደ ሙታን አገር ስትወርድ ሰባት በር አለ፣ በየበሩ አንድ ነገር ያስወልቋታል፣ ዘውዷን፣ የአንገቷን ዶቃ፣ እያለ መጨረሻ ላይ ልብሷን። እኔ ሰባት አንጓ አድርጌ በየአንጓው አንድ ድምጽ አወጣሁ፣ መጀመሪያ ከበሮው፣ ከዛ ቤዙ፣ ከዛ ቫዮሊኑ፣ ሰባተኛው ላይ ጊታሬም ቆሞ ድምጼ ብቻ ይቀራል፣ አዝማች የሚባል ነገርም የለውም ምክንያቱም እሷ ስትወርድ ወደ ኋላ አትልማ። ስሟን አንዴም አልጠራሁም። ያቺን ዘፈን ስጫወት ሰው ስልኩን ያስቀምጣል።

የድሮ ግጥሞችን ለታሪካቸው ብቻ ሳይሆን ለአሰራራቸውም አንብቢያቸው። ሎንሮት የፊንላንድን የቃል ግጥሞች ሰብስቦ እ.ኤ.አ በ1835 ያሳተመውን ካሌቫላን ብታዪ አንዱ ስንኝ ያለውን ቀጣዩ በሌላ ቃል ይደግመዋል፣ ይሄ ለዘፋኝ ወርቅ ነው፣ ያመለጠው አድማጭ ሁለተኛ እድል ያገኛል። ጊታር ከሆነ ምትጫወቺው ዳድጋድ ቱኒንግ ሞክሪ፣ ስድስቱን ክሮች D-A-D-G-A-D አድርጎ መቃኘት ማለት ነው፣ ክፍት ክሮቹ ሜጀርም ማይነርም አይደሉም፣ ስር ስሩን እያንጎራጎሩ ይቆዩልሻል፣ ለዚህ አይነት ዜማ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ተረቱ የማንም አይደለም፣ አዲስ ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ነው። እኔ ሳላውቅ ሁለት መስመር ከአንድ አዲስ ትርጉም ወስጄ፣ በኋላ የወጣውን ዘፈን ካለበት ለማንሳት ተገድጃለሁ፣ ያኔ ያፈርኩትን ማፈር አትጠይቂኝ።

ስለ እምነቱ ደግሞ፣ ከሆንሽ አንዴ ቀለል አድርገሽ ተናገሪና እለፊ፣ ካልሆንሽ ግን እንደ ልብስ አትልበሺው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ለስታይል ብዬ ፕሮፋይሌ ላይ የአማልክት ካህን ምናምን ብዬ ጽፌ ነበር፣ ከዛ በእውነት የሚያመልኩ ሰዎች ኮንሰርት መጡና ከየትኛው ወግ ነህ ብለው ሲጠይቁኝ አፌ ተሳሰረ። አሁን ለኔ የዘፈን ምንጭ ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ፣ ማንም አልተቀየመኝም። ደግሞ ሁሉንም ነገር በሺ አመት የቆየ ነው አትበይ፣ የዛሬ ፔጋኖች የሚያከብሯቸው ስምንቱ የአመቱ ዑደት በዓላት እንኳ ለየብቻ የቆዩ ቢኖሩባቸውም አንድ ላይ የተሰደሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ይታዘብሻል።

ብሩን በተመለከተ፣ ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1000 ስትሪም ላልሞላ ዘፈን አይከፍልም፣ ባንድካምፕ፣ ሙዚቀኛው ስራውን ለአድማጩ በቀጥታ የሚሸጥበት ድረገጽ፣ ደግሞ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ነው ሚወስደው፣ ስለዚ ለኛ አይነቱ ጥቂት ግን ታማኝ አድማጭ ላለው ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ካናዳዊቷ የኬልቲክ ሙዚቃ ዘፋኝ ሎሪና ማኬኒት ራሷ ሌብሏን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ በ1985 ነው፣ መንገድ ላይ ሀርፕ እየተጫወተች ካሴቷን በእጇ ትሸጥ ነበር።

ዴሞ ካለሽ እዚሁ ልቀቂው፣ የትኞቹ ስሞች ቢወጡ እንደሚሻል አብረን እናያለን።