ለራይዘን 7 9700ኤክስ የቱ ማዘርቦርድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተር በራሴ ልገጥም ነው። ራይዘን 7 9700ኤክስ ፕሮሰሰር ገዝቻለሁ፤ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ የወጡ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ዲዲአር4 ራሞችም አሉኝ። ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ስለሆነ ውሎ አድሮ ወደ ባለ 16 ኮር ፕሮሰሰር መሻገር እፈልጋለሁ። ማዘርቦርዱ ኤክስ670 ካልሆነ ፍጥነቱ ይቀንሳል ተባልኩ። ቢ650 አይበቃኝም?»

መልስ፦ ይበቃዎታል። ኤክስ670ና ቢ650 የቺፕሴት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ መሰኪያዎችን የሚያስተዳድረው ቺፕ፣ ስሞች ናቸው። ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩን አያፈጥነውም፤ ደካማ ከሆነ ግን ሊያንቀው ይችላል። ኤክስ670 በዋናነት የሚጨምርልዎ የዩኤስቢ፣ የሳታ (የዲስክ) እና የፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርድና የፈጣን ዲስክ) መስመሮችን ነው። ብዙ ዲስክና ብዙ ካርድ የማይሰኩበት ከሆነ ጥቅሙን ሳያዩት ይቀራሉ።

ይልቅ የሚያሳስበው የራሙ ጉዳይ ነው። ያሉዎት ራሞች ለዚህ ፕሮሰሰር አይሆኑም። 9700ኤክስ የሚቀመጥበት ኤኤም5 ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። ሁለቱም ዓይነት ራሞች 288 መገናኛ ስላላቸው ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ከሥር ያለው ክፍተት ግን ቦታው ይለያያል። አልገባ ሲልዎ በኃይል አይጫኑት፣ ማስገቢያው ይሰበራል። ለቪዲዮ ሥራ ባለ 32 ጊጋባይት ሁለት ዲዲአር5 ቢገዙ ጥሩ ነው። አራት ማስገቢያ አለ ብለው አራት ትንንሽ ራሞች አይግዙ፤ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ የሁለት ራም ይፋዊ ፍጥነት 5600 ሜጋትራንስፈር በሰከንድ ሲሆን አራት ሲሰኩ ወደ 3600 ይወርዳል። 6000 የሚሉ ራሞች ቢገዙም ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ውስጥ ገብተው ኤክስፖ የሚለውን የራም ፍጥነት ቅንብር ካላበሩት በዝቅተኛው መነሻ ፍጥነት ነው የሚሠሩት።

ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ክፍል ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚመጥነው ቪአርኤም ነው። 9700ኤክስ ከነ ፋብሪካ ቅንብሩ እስከ 88 ዋት ይወስዳል፤ ይህን ርካሹም ቦርድ ይችለዋል። ያሰቡት ባለ 16 ኮሩ 9950ኤክስ ግን 200 ዋት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከሶኬቱ በግራና ከላይ በኩል ያሉት የቪአርኤም ክፍሎች ሁለቱም በወፍራም ሂትሲንክ (ሙቀት አስወጋጅ ብረት) የተሸፈኑ መሆናቸውን በዓይንዎ ይዩ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የፌዝ (ኃይሉን የሚካፈሉት የቪአርኤም ክፍሎች) ብዛት ብቻውን አያስተማምንም፤ እያንዳንዱ ስንት አምፔር እንደሚሸከም ካልታወቀ 12 ፌዝ ከ8 ይበልጣል ማለት አይቻልም። ደካማ ቪአርኤም የሚታወቀው በረጅም ሥራ ላይ ነው፦ ቪዲዮው ኤክስፖርት ሲደረግ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፣ ከዚያ የፕሮሰሰሩ ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል።

ኤም.2 ማስገቢያ (ቀጭን ኤስኤስዲ ዲስክ የሚሰካበት) ቢያንስ ሁለት ይኑረው፤ አንዱ ለሲስተሙ፣ ሌላው ለቪዲዮ ፋይሎች። አንዳንድ ቦርዶች ላይ አንዱ ኤም.2 ሲያዝ የተወሰኑ የሳታ መሰኪያዎች ወይም ሁለተኛው ረጅም የካርድ ማስገቢያ ሥራ ያቆማሉ። ብዙ ሰው «ዲስኬ ጠፋ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማንዋሉ ላይ መስመር የሚጋሩትን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፤ ሳይገዙ ያንብቡት። መጠኑ ከኬዝዎ ጋር ይስማማ፦ ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ነው። ለእርስዎ ሥራ ማይክሮውም ይሆናል።

አሁን ወደ ባዮስ። ቢ650 ቦርዶች ከ9000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች ቀድመው የወጡ ናቸው። መደርደሪያ ላይ የቆየ ቦርድ ከደረሰዎ አሮጌ ባዮሱ ፕሮሰሰርዎን ላያውቀው ይችላል፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። መፍትሔው ቢ850 መግዛት፣ ወይም የባዮስ ፍላሽባክ (ባዮስን ከፍላሽ ዲስክ ማደሻ) ቁልፍ ያለው ቢ650 መምረጥ ነው። ቢ840ን ከቢ850 ጋር እንዳያምታቱት፤ ስማቸው ቢቀራረብም ቢ840 በአቅም ዝቅ ያለ ነው።

ፍላሽባክ ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም ይሠራል። የቦርድዎን ስም ከነፊደሉና ከነሪቪዥኑ አመሳክረው የባዮስ ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ያውርዱ። ዚፑን ፈትተው በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ያድርጉት፤ ማንዋሉ ስሙን ቀይሩ ካለ ይቀይሩ። ባለ 24ና ባለ 8 እግር የፓወር ሰፕላይ ገመዶችን ሰክተው ፍላሹን ምልክት ባለበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያስገቡና ቁልፉን ለ3 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ኤሌክትሪኩን አይንኩ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር ገመድ 4 እና 4 ሆኖ የሚከፈለው ነው፤ 6 እና 2 ሆኖ የሚከፈለው የግራፊክስ ካርድ ስለሆነ አይስኩት።

ሲገጥሙ የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን ፕሮሰሰሩን እስኪያስቀምጡ ድረስ አያንሱ። ሥሩ ያሉት 1718 ቀጫጭን እግሮች በጣት ንክኪ ይታጠፋሉ፤ ለዋስትና ሲመልሱት ደግሞ ክዳኑን ይጠይቁዎታል። ኬዙ ላይ ከቦርዱ ቀዳዳ ጋር የማይገጥም የብሎን ማቆሚያ ካለ ይንቀሉት፣ ከሥር ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ሁለቱ ራሞች ከፕሮሰሰሩ ጀምረው ሲቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ ይግቡ።

የመጀመሪያው ማብራት ላይ ስክሪኑ ለበርካታ ደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ የራም መብራቱ ቢበራ አይደንግጡ፤ ቦርዱ ራሙን እየለካ ነው፣ መሐል ላይ አያጥፉት። 15 ደቂቃ ካለፈው አጥፍተው አንዱን ራም ብቻ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ትተው እንደገና ይሞክሩ። 9700ኤክስ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ለዚህ ሙከራ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር ማገናኘት ይችላሉ።