ቁጣዋ ምን ያስከፍላታል? የኮሚክ ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በተከታታይ የሚወጣ ምናባዊ ኮሚክ ጀምሬያለሁ። ባለታሪኳ የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ስትናደድ ከእጆቿ እሳት ይወጣል። ቁጡነቱን የወረሰችው ከአባቷ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ያነበቡ ጓደኞቼ ግን «አሁንም አሁንም ትነድዳለች፣ ሰለቸን» አሉኝ። ችግሩ ሥዕሌ ይሆን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥዕሉ አይመስለንም። እሳቱ ምንም ስለማያስከፍላት ነው። ልጅቷ ነድዳ በሚቀጥለው ገጽ እንደ በፊቷ ከሆነች አንባቢ የሚሰጋላት ነገር የለም። ወደ እርሳሱ ከመመለስዎ በፊት ግማሽ ገጽ ሕግ ይጻፉ፦ እሳቱ መቼ ይመጣል? ምን ይወስዳል? ማን ያበርደዋል? ዋጋው ከቤተሰቡ ጋር ቢያያዝ እንመርጣለን። ለምሳሌ ከነደደች በኋላ እጇ ለአንድ ቀን ይደንዝዝ፤ ታናሽ ወንድሟ ሲይዛት አይሰማት። ያኔ እያንዳንዱ ንዴት ከምትወደው ልጅ ያርቃታል።

ይህን በሚገባ የሠራችው ጃፓናዊቷ ሂሮሙ አራካዋ ናት። «ፉልሜታል አልኬሚስት» የተሰኘው ኮሚኳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2010 በወርኃዊ መጽሔት ወጥቶ በ27 ቅጽ ተጠናቋል። (ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ የሚቀጥሉትን መስመሮች ይዝለል።) በዚያ ዓለም በአልኬሚ (አንዱን ቁስ ወደ ሌላ በመለወጥ ጥበብ) እኩያውን ሳይከፍሉ ማግኘት የለም። አባታቸው ጥሏቸው የሄደ ሁለት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ሊያስነሡ ሲሞክሩ ታናሹ መላ አካሉን፣ ታላቁ አንድ እግሩን ያጣል፤ የታናሹን ነፍስ ከብረት ጥሩር ጋር ለማሰር ደግሞ ታላቁ ክንዱን ይከፍላል። ታላቁ በአባቱ ላይ ያለው ቁጣ ከቅጽ ወደ ቅጽ ይዘልቃል። በመጨረሻ አባትየው ታናሹን ለመመለስ «ሕይወቴን ልስጥ» ሲል ታላቁ ተቆጥቶ እምቢ ይልና የገዛ የአልኬሚ ችሎታውን ይከፍላል። ማደጉን የምናየው እዚህ ነው፤ ሲተማመንበት የኖረውን ኃይል ራሱ ሲተወው።

አሁን ወደ ገጹ። በ24 ገጽ ክፍል ውስጥ ሙሉ ገጽ የሚይዝ እሳት አንድ ብቻ ይሁን፤ ቦታውም ገጽ ሲገለጥ ድንገት የሚታየው የግራ ገጽ፣ ማለትም ባለ ተጋማሽ ቁጥሩ (2፣ 4፣ 6…) ነው። ገጽ 15 መጨረሻ ፍሬም (የሥዕል ሣጥን) ላይ የተጨበጠ እጅ፣ ገጽ 16 ላይ እሳቱ። በቀኝ ገጽ ካስቀመጡት ግን የአንባቢ ዓይን ገና ከግራው ሳይወጣ ያየዋል። ሌላው፣ የልጅቷ አባት ገጽ 3 ላይ ጥርሱን ነክሶ ከታየ ልጅቷን ገጽ 14 ላይ በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው የፍሬም መጠን ይሳሏት። «አባቷን ናት» የሚል ጽሑፍ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ኮሚኮች ጩኸትን በትልልቅ ፊደል ይለያሉ። በአማርኛ እንዴት ይሁን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በመጠን፣ በውፍረትና በአረፋው (ንግግሩ በሚጻፍበት ክብ) ጠርዝ። በኤ5 ለሚታተም ገጽ ተራ ንግግር 10 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ)፣ ጩኸት 14 ነጥብ ደማቅ ሆኖ ጠርዙ በሾለ አረፋ ውስጥ። ሹክሹክታን ከ8 በታች አያውርዱ፤ ቀለም ትንሽ ከፈሰሰ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ጭረት ትጠፋለች። በኤ4 ስለው ወደ ኤ5 የሚያሳንሱ ከሆነ የገጹ ርዝመትና ወርድ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ 10 ነጥብ እንዲወጣ በኤ4ው ላይ 14 ይጻፉ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው አረፋውን አስቀድሞ በመሳል ነው። «አልነገርኩህም» ዓይነት ረጅም ቃል ተከፍሎ ሁለት መስመር ላይ ያርፋል፤ የተቆጣ ሰው ንግግር ሲንተባተብ ይነበባል። ጽሑፉ ይቅደም፣ አረፋው ይከተል። በአንድ አረፋ ከ15 ቃል አይለፉ፤ ቀድሞ የሚናገረውንም በግራ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ 22 ገጽ ይዤ ብሄድ ማተሚያ ቤቱ መለሰኝ። ለምን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የሚሠራው ከታጠፈ ወረቀት ስለሆነ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። ሁለት ገጽ ይጨምሩ፤ አንዱ የርዕስ፣ ሌላው የሚቀጥለው ክፍል ቅምሻ ቢሆን ጥሩ ነው። እስከ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል ከመቁረጫው 3 ሚሊሜትር ይለፍ፤ ጽሑፍ ግን ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። ጥቁር መስመሩን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት)፣ ባለቀለሙን በ300 ስካን ያድርጉ።