መልስ፦ ሲኒክሩዘር ባለ ሁለት ሞተር ነው?

ወንድሜ፣ ይህ ወለሉ ባለ ሁለት ደረጃ የሆነ የድሮ አሜሪካ አውቶቡስ ሲወጣ አዎ፤ ዛሬ የምታየው ግን አብዛኛው ባለ አንድ ነው። ጀነራል ሞተርስ ከ1954 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅቱ ግሬይሀውንድ 1,001 ሲኒክሩዘር ሠራ። ባለ 43 መቀመጫ ሲሆን፣ ኋላው ላይ ሁለት ዲትሮይት 4-71 (ባለ አራት ሲሊንደር) ናፍጣ ሞተሮች ነበሩት። ያስቸገረው ሁለቱን የሚያገናኘው ክፍል ነው፤ ስለዚህ በ1961 እና 1962 ማርሞን ሄሪንግተን የተባለ ኩባንያ ሁለቱን ሞተሮች አውጥቶ አንድ 8ቪ-71 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) አስገባ። ጎኑም ይሰነጠቅ ስለነበር አብሮ ተጠናከረ።

ልትገዛ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ቦዲውን እይ። ከታችኛው ወለል ወደ ላይኛው የሚወጣበት አካባቢ በመስኮቶቹ ሥር ስንጥቅ ፈልግ፤ በቀለም የተሸፈነ ስቱኮም ሊኖር ይችላል፣ ማግኔት ግን አይረዳህም፣ ቆርቆሮው አሉሚኒየም ነው። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ነጠላ ግሬድ የሆነውን ባለ 40 የሞተር ዘይት እንጂ ባለ ብዙ ግሬዱን 15W-40 አታድርግበት። አውቶቡሱ ከቆመ በኋላ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ እንደ ባሌስትራ የሚሸከሙትን የአየር ከረጢቶችና የአየር መስመሩን በሳሙና ውሃ ፈትሽ።