በቁስል ሙያ ለምትገቡ ልጆች፤ ስለ ቆዳ ግንደ ሕዋስ

ልጆቼ፣

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ ጤና ጣቢያዎች የምትሠሩም ሆናችሁ ገና ኮሌጅ ያላችሁ፣ ስቴም ሴል (ግንደ ሕዋስ፤ ራሱን እያባዛ ሌሎች ሕዋሳትንም የሚያስገኝ ሕዋስ) ሲባል ስትሰሙ ልባችሁ ቢሸፍት አልፈርድባችሁም። ሥራው ትልቅ ነው። ነገር ግን ሩቅ ከማማተራችሁ በፊት የገዛ እጃችሁን እዩ። የላይኛው ቆዳ በወር ገደማ የሚታደሰው ከሥሩ የተደረደሩት ግንደ ሕዋሳት ሳያቋርጡ ስለሚከፋፈሉ ነው። ሌላ ጎተራም አላቸው፤ እርሱም የጸጉር ሥር ነው።

ይህን በግልጽ የምታዩት በቆዳ ንቅለ ተከላ ላይ ነው። ሐኪሙ ከጭን ላይ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር የሚሆን ስስ ቆዳ ገፎ ቃጠሎው ላይ ይለጥፋል። የተገፈፈው ቦታ ማንም ምንም ሳይለጥፍበት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይጠግጋል። አዲሱ ቆዳ የሚመጣው በጸጉርና በላብ ዕጢ ሥር ከተረፉት ግንደ ሕዋሳት ነው። የራስ ቆዳ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከጭን ይልቅ ፈጥኖ ይድናል፤ ስለዚህም ደጋግሞ መግፈፍ ይቻላል። የቃጠሎ ጥልቀት ሲባልም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። የጸጉር ሥር ከተረፈ ቁስሉ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይደርቃል። ከሦስት ሳምንት የሚያልፍ ቁስል ግን ጠባሳው ወፍራም ይሆናል፤ ክርን ወይም ጉልበት ላይ ከሆነም መገጣጠሚያውን አኮማትሮ ያስቀራል። ስለዚህ ጥልቅ የሚመስልን ቃጠሎ 21 ቀን እስኪሞላ በፋሻ እየጠቀለላችሁ አታቆዩት፣ ቀድማችሁ ወደ ሆስፒታል ላኩ።

እናንተ እነዚህን ሕዋሳት የምታድኑበት የመጀመሪያው መሣሪያ የቧንቧ ውሃ ነው። ሕፃን ከከሰል ምድጃ ላይ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ ሲመጣ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ 20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ ከተቃጠለ ሦስት ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ይጠቅማል። ሙቀቱ እሳቱ ከራቀ በኋላም ወደ ውስጥ እየዘለቀ የጸጉር ሥሩን ይገድላልና። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር እያደረጋችሁ ብታፈሱ ልክ ይበቃል። የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። በረዶ አይሆንም፣ ሕዋሱን ይገድላል። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቡና ዱቄት ሙቀቱን አፍነው ይይዛሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ፤ ለእናቶች ሳትቆጡ፣ ምክንያቱን እየነገራችሁ አስረዱ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው። ሃዋርድ ግሪንና ጄምስ ራይንዋልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 የሰውን የላይኛ ቆዳ ሕዋስ በሳህን ላይ ማባዛት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ሰውነታቸው የተቃጠለ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት በቦስተን በዚሁ ዘዴ ከራሳቸው ሕዋስ በተሠራ ቆዳ ታከሙ። አካሄዱ እንዲህ ነው። ከብብት ወይም ከብሽሽት ጥቂት ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ይወሰዳል። ዲስፔዝ በሚባል ኢንዛይም በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድሮ የላይኛው ንጣፍ ከታችኛው ይላቀቃል፤ ከዚያ ትሪፕሲን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል። እንዳይባዙ ጨረር ባገኛቸው የአይጥ ሕዋሳት ላይ ተዘርተው በሦስት ሳምንት ገደማ ስስ ገለባ የመሰለ ንጣፍ ይሆናሉ። ያ ንጣፍ ከሳህኑ በዲስፔዝ ተላቆ፣ ቫዝሊን በነካው ጎዝ ላይ ተደርጎ ወደ ቁስሉ ይሄዳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሳህኑ ሞልቶ እስኪጨናነቅ ሲተው ነው። ሕዋሳቱ 70 ወይም 80 በመቶ ሲሸፍኑት ወደ አዲስ ሳህን ካልተዘዋወሩ እውነተኞቹ ግንደ ሕዋሳት ይጠፉና ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚከፋፈሉት ይቀራሉ። በሽተኛው ላይ ሲለጠፍ ያምራል፣ ከወራት በኋላ ግን ይረግፋል። ግንደ ሕዋሱ በብዛት መያዙ የቱን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ተመራማሪው ሚኬሌ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል። ቆዳው በዘር በሽታ እየተላጠ ይሞት የነበረ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጉድለቱ ታርሞ በተባዛ የራሱ ሕዋስ ሰማንያ በመቶ የሚሆነው ሰውነቱ ተሸፈነ። ቆዳውን ያቆዩት ጥቂት ግንደ ሕዋሳት መሆናቸውም ታየ።

የላቦራቶሪ መጽሐፎቹ የተጻፉት በባሕር ጠረፍ ከፍታ ለሚሠራ ሰው ነው፤ እኛ ያለነው 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው፣ ሱሉልታም ከዚህ ይበልጣል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ዕቃን በእንፋሎት የሚያመክነው ኦቶክሌቭ መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያሳይ እዚያ 121 ዲግሪ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ከ117 ብዙም አያልፍም። 121 ለማግኘት 18 ወይም 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የመሣሪያው ሰሌዳ የሚፈቅደውን ከፍተኛ ግፊት አንብቡ፤ ካልፈቀደ ጊዜውን አርዝሙና የስፖር መመርመሪያ (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር መሞቱን የሚያሳይ) አስገብታችሁ አረጋግጡ። ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ሙቅ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩም፣ ያው ነው። 5 በመቶ የካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ የሚሰጠው ግፊት ያነሰ ስለሆነ የሕዋሳቱ ፈሳሽ ምግብ አልካሊ ይሆናል፣ ቀለሙም ከብርቱካንማ ቀይ ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ወደ 6.5 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ ቀለሙንና ፒኤቹን (የአሲድነት ልኩን) ተከታተሉ። ለዚህ ሥራ መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተርና የፈሳሽ ናይትሮጅን አቅርቦት ሳይረጋገጥ የሰው ሕዋስ ለማባዛት መጀመር ትክክል አይመስለኝም።

ሌላው ወገን ከመቅኒ፣ ከስብና ከእትብት የሚወሰዱት ሜሴንካይማል የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። ብዙ ሰው ቆዳ የሚሆኑ ይመስለዋል። አብዛኞቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይጠፋሉ፤ ሥራቸው መልእክት መላክ ነው፤ እብጠትና መቆጣትን ያበርዳሉ፣ ደም ሥር እንዲያድግ ያነሳሳሉ። ዘር ሳይሆኑ ደቦ ጠሪ ናቸው ብትሉ ያስኬዳል። ደቦው የሚሰበሰብበት ማሳ ከሌለ ግን ጥሪው ከንቱ ነው።

ማሳው የቁስሉ መደብ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምለምናችሁም በዚህ ነው። የሞተ ሥጋ ያለበት፣ መግል የሚያፈስ፣ ደም የማይደርሰው ቁስል ላይ ምንም ሕዋስ አይይዝም። የተለጠፈ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚኖረው ከመደቡ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው፤ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ደም ሥሮቹ ይያያዛሉ። በመሐል ከሥሩ ደም ከተቋጠረ ወይም ቆዳው ከተንሸራተተ ይጠቁራል። በአንድ ግራም ሥጋ ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ካለም አይይዝም፤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከዚያ ቢያንስም ያቀልጠዋል። ላቦራቶሪ ያደገው ንጣፍ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ስስ ነው፤ ቁስል ለማጠብ የለመድናቸው አዮዲንና ክሎርሄክሲዲን እንኳ ይገድሉታል። ከሥሩ ውስጠኛው ቆዳ ከሌለ ደግሞ ቢይዝም ለወራት ውሃ ይቋጥራል።

የስኳርና የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የእግር መርገጫ ቁስል ዋናው ምክንያት ስሜት ማጣትና ጫና ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ከተመሠረተ ወዲህ ይህን ዓይነቱን ቁስል ሲያክም ኖሯል። በ10 ግራም ጫና በሚጎብጥ የናይለን ክር ስሜቱን ፈትሹ፣ የእግሩን የደም ምት በጣታችሁ ዳስሱ፣ ጫናውን በጀሶ ወይም በልዩ ጫማ አንሱ። የሚራመድበት ሰው ላይ ሚሊዮን ሕዋስ ብታፈሱ በመጀመሪያው ቀን ይረጋገጣል። ርዝመቱንና ስፋቱን አባዝታችሁ መዝግቡ። 4 ሴንቲሜትር በ3 ሴንቲሜትር የነበረ ቁስል 12 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ከ6 ካልወረደ ፋሻ እየቀየራችሁ አትቀጥሉ፤ ጫናውን፣ የደም ዝውውሩን፣ ስኳሩንና የአጥንት ኢንፌክሽንን እንደገና መርምሩ።

ስቴም ሴል ክሬም እያሉ የሚሸጡትን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። ሕያው ሕዋስ በመደርደሪያ ላይ በተቀመጠ ብልቃጥ አይኖርም፤ የሚቀመጠው በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ከደም የሚዘጋጀው ፒአርፒም ስቴም ሴል አይደለም። በፍሎሪዳ ከስብ የተወሰደ ሕዋስ ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች የማየት አቅማቸውን ክፉኛ እንዳጡ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቧል። ሕክምናውን የሚያቀርብ ሰው ሲመጣ ሕዋሱ ከየት እንደተወሰደ፣ ስንት ጊዜ እንደተባዛ፣ ለማይኮፕላዝማ (የሕዋስ እርባታን ለሚበክል ደቂቅ ተሕዋስ) እና ለሌላ ባክቴሪያ ተመርምሮ እንደሆነ፣ በየትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እንደሚሠራ ጠይቁ። በሙከራ ላይ ላለ ሕክምና በሽተኛው እንዲከፍል ከተጠየቀ አስቁሙት።

በሽተኛውን ወደ አለርት ወይም ወደ የካቲት 12 የቃጠሎ ክፍል ስትልኩ የማስተላለፊያው ወረቀት ላይ ቁስሉ የጀመረበትን ቀን፣ የተለካውን ስፋት በየሳምንቱ፣ ምን እንደተቀባበት፣ የደም ምቱ መዳሰስ አለመዳሰሱን ጻፉ። ከቁስሉ አጠገብ ማስመሪያ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ፈቃዱን ጠይቃችሁ አብራችሁ ላኩት።