ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የእናቴ ኪኒን በዛ፣ የቱ ይቅር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስኳርም ግፊትም አለባት፤ ቤት ሆኜ የማስታምማት እኔ ነኝ። ለስኳሯ ግሊቤንክላማይድና ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ለግፊቷ ከመንግሥት ሆስፒታል ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን ተሰጥቷታል። በቅርቡ ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃት ሊሲኖፕሪል ታዘዘላት። ለጉልበቷ ደግሞ ጎረቤታችን ዲክሎፌናክ ሰጥታታለች። ሰሞኑን ለሱብሒ ሶላት ስትነሳ ያዞራታል። ረፋድ ላይ ያልባታል፣ ስማችንን ትቀላቅላለች። ሁሉም እርጅና ነው ይሉኛል። የማዞር መድኃኒት ልግዛላት? ረመዳንስ መጾም ትችላለች?

መልስ፦ እህቴ፣ የማዞር መድኃኒት አይግዙ። እርጅና ነው ለማለትም አልቸኩልም። እርጅና ቀስ እያለ ነው የሚመጣ፤ እንዲህ በሰሞን ከች አይልም። እኔ የምጠረጥረው ኪኒኖቹን ነው።

በጣም ያሳሰበኝ ረፋድ ላይ ያለው ላብና መዘባረቅ ነው። ይህ ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ የሚታይ ምልክት ነው። ግሊቤንክላማይድ በአዛውንት ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ይብስበታል። ኪኒኑን ውጠው ቁርስ ከዘገየ ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣና እየታደሰ የሚሠራበት፣ ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የያዘ የቢርስ ዝርዝር አለ። ግሊቤንክላማይድ ዛሬ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ሲያልባቸው ወዲያው ስኳራቸውን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለዎት፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም እንዳይሰጡ፤ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ቢሻላቸውም ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ብቻቸውን አይተዋቸው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው። እስኪታዩ ድረስ ቀጣዩን ግሊቤንክላማይድ አይስጧቸው።

ወደ ግፊቱ ልምጣ። ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱን አብሮ መውሰድ አንዱን መድኃኒት ደርቦ እንደመዋጥ ነው። የሚያሸናው ሲጨመርበት፣ ከመኝታ ብድግ ሲሉ ግፊታቸው ወርዶ ቢያዞራቸው አይገርምም። የክሊኒኩ ሐኪም የመጀመሪያውን ማዘዣ አላየ ይሆናል። ይህ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። «ምን ይወስዳሉ?» ስል «የግፊት፣ ነጯን» ይሉኛል። ነጭ ኪኒን ስንት አለ!

ዲክሎፌናኩን ግን ዛሬውኑ ያስቁሙ። ጎረቤትዎ ክፉ አላሰቡም። በወሎ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ያለውን ያካፍላል፣ ኪኒንም ቢሆን። ነገር ግን ዲክሎ ግፊት ይጨምራል፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ጋር ሲገጥም ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይሻላል፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ፤ 500 ሚሊግራም የሆነው ኪኒን ከ6 ፍሬ አይበልጥም ማለት ነው። የጉበት ችግር ካለባቸው አስቀድመው ይጠይቁ።

የቀሩትን በራስዎ አያቋርጡ። ይልቁንስ ዛሬ ወይም ነገ አንድ ሥራ ይሥሩ። ቤት ያለውን ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ይክተቱ፤ ከትራስ ሥር ያለውን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረውን፣ ያለቀውን ባዶ ካርቶን ሳይቀር። ከነማሸጊያው ይሁን፣ ፍሬውን ብቻ እንዳይወስዱ። ከዚያ ከሆስፒታሉ ወይም ከሠፈርዎ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ፊት ይዘርግፉት።

ሰው ፋርማሲስትን ኪኒን ቆጥሮ የሚሰጥ ብቻ ያደርገዋል። ያሳዝነኛል። ሁለት መድኃኒት ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ከእኔ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። በአንዳንድ አገሮች ቤታቸው የሚታመሙ አዛውንቶች ዘንድ ሄዶ መሳቢያቸውን ከፍቶ ይፈትሻል። እኛ ጋ ይህ ስላልተለመደ መሳቢያውን እኛ እንውሰድለት። ፋርማሲስቱ የተደረበውን ይለያል፣ ቀኑ ያለፈውን ያወጣል፣ መጠኑ ለ74 ዓመት ሰው የከበደውን ለሐኪሙ ጽፎ ይሰጥዎታል። የኩላሊት ምርመራ ውጤት ካለ ይያዙ፤ ሜትፎርሚኑም በሱ ነው የሚወሰነው። አብሽ የሚጠጡ ከሆነም ይንገሩት። አብሽ ስኳር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

ሰዓቱንም በደንብ ያጽፉት። «በ12 ሰዓት» እና «በየ12 ሰዓቱ» የተምታታባቸው ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱ በቀን አንዴ ነው፣ ሌላው ሁለቴ። ኪኒኑ ቀለሙ ተቀይሮ ሲመጣም «አዲሱ ከአሮጌው ጋር ነው ወይስ በሱ ፈንታ?» ብለው ሳይጠይቁ ከመድኃኒት ቤቱ አይውጡ።

ስለ ረመዳን፦ ግሊቤንክላማይድ እየወሰዱ፣ ስኳራቸውም እንዲህ እየወረደ መጾም አደጋ አለው። አሁን እሺ ልልዎት አልችልም። መድኃኒቱ ተቀይሮ ስኳራቸው ከረጋ ግን ነገሩ እንደገና ይታያል። ጾሙ ከመግባቱ ከ1 እስከ 2 ወር ቀደም ብለው ሐኪማቸው ዘንድ ይውሰዷቸው፤ የሱሑርና የኢፍጣር መድኃኒታቸውን ያኔ ነው የሚያስተካክሉላቸው።